ተሚሱ ክብ እስኪሆን

ስክሪን ከሩቅ አይቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው በጅዳ ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም እንጃ። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ ፔትሮሚን ሰፈር ሄዶ ይጠይቅ፤ የሚያስታውሰኝ ዛሬም አይጠፋም። ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። በልጅነቴ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ አማርኛ ማንበብ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ለቃቅሜያለሁ፤ የፈረንጁን ፊደል ግን ያስቆጠሩኝ ስክሪኖች ናቸው። በስክሪን ጎን ያለውን ቁልፍ ስትጫን ብርሃን፣ ቀለም፣ ስፋት የሚል ዝርዝር ይወጣል። እየነካሁ፣ የተለወጠውን እያየሁ፣ ቃሉን ከሥራው ጋር አገናኘሁት። እስክርቢቶ ሳልይዝ እንግሊዝኛ አነበብኩ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ አምጡልኝ።

ፔትሮሚን፣ ከዘይት ቀያሪዎችና ከጎማ ጠጋኞች መካከል፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ስክሪን ሲቀይሩ አሮጌውን በጭነት መኪና እያመጡ ለቁርጥራጭ ነጋዴዎች ይጥሉታል። እኔ ከዚያ ክምር ውስጥ እመርጣለሁ። ሌላው ሰው የተሰበረውንና ያልተሰበረውን ይለያል፤ እኔ የምለየው የሞተውንና የተኛውን ነው። አብዛኛው የተኛ ነው። ጀርባውን ስከፍተው፣ ኃይል በሚያከፋፍለው ሰሌዳ ላይ እንደ ትንንሽ ጣሳ የቆሙት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ አገኛለሁ። ነቅዬ በአዲስ እተካለሁ፤ ይነቃል። ጨለማው መስታወት መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ፣ ከዚያ ከውስጥ እንደ ንጋት ሲፈካ ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ደንበኛ መጥቶ፣ «ሪዞሉሽን የሚሉት ምንድን ነው?» ሲለኝ መስገጃ ነበር የማሳየው። ሱቄ ውስጥ ለዚሁ ብዬ ሁለት መስገጃ ሰቅያለሁ፤ ሁለቱም ላይ ካዕባ ተሠርቷል። የአንደኛው ቋጠሮ ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ የካዕባው ጠርዝ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። የሁለተኛው ቋጠሮ ደቃቅና ብዙ ነው፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፣ በሩ ላይ ያለው ጽሕፈት ሳይቀር ይነበባል።

«ስክሪንም እንዲሁ ነው» እላለሁ። «ወደ ጎን ይህን ያህል ነጥብ፣ ወደ ታች ይህን ያህል ነጥብ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር ከላከለት መልኩ ይጠራል። ሌላ ቁጥር ከላከለት ግን የጎደለውን ለመሙላት ይጎትታል፣ ይለጥጣል፣ ይዋሻል።»

«ስክሪን ይዋሻል» የሚለውን አነጋገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። በኋላ ሰው ሁሉ ይለው ጀመር።

ከሁሉም የምወደው አንድ ስክሪን ነበረኝ። ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1200። የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ «እህ!» ይላል፤ ሌላው ሰው የያዘው 1080 ነውና። ያቺ ትርፍ ቁመት በጣም ታምራለች። ስክሪኑ የሕንፃ ንድፍ ከሚሠሩ ሰዎች ቢሮ የወጣ ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ነጩ ነጭ ነው፣ የሰው ቆዳም የሰው ቆዳ ይመስላል። ስንት ገዢ መጥቶበት አልሰጠሁም። ባለቤቴ በዕረፍቷ ቀን ሱቅ ስትመጣ በለስላሳ ጨርቅ ስወለውለው ታገኘኛለች።

«ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለኛለች።

«አማን ነች።»

«እኔን አንድ ቀን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺን መች አቧራ ነክቶሽ ያውቃል?»

«አፍህስ ከእጅህ ይበልጣል» ብላ ትስቃለች።

ባለቤቴ የምትሠራው ባሏ በሞተባት በአንዲት አሮጊት ማዳም ቤት ነው። አርብ ሲመጣ የማዳሟ የልጅ ልጆች ቤቱን ይሞሉታል። አንድ አርብ የጌም ማሽናቸው ሞተ ተብሎ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ማዳምም አውጥታ ልትጥለው ስትል ባለቤቴ፣ «ባሌ ሳያየው አይጣል» አለቻት። ሄድኩ። ማሽኑ አልሞተም። ልጆቹ ከሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን ነቅለው ከጓዳው አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተውታል። ማሽኑ የበፊቱን ቁጥር እንደያዘ ቀርቷል፤ አሮጌው ቴሌቪዥን የማይችለውን ሪዞሉሽን ይልክበታል፣ እሱም ስላልገባው ጨልሞ ይቀመጣል። ማጥፋትና ማብራት አይፈይድም። ጣቴን መክፈቻው ላይ ጭኜ ያዝኩ። አንድ ጊዜ ጢጥ አለ፤ አለቀቅሁም። ሁለተኛ ጢጥ ሲል ለቀቅሁ። ማሽኑ የያዘውን ቁጥር ረስቶ፣ የትኛውም ቴሌቪዥን በሚችላት በትንሿ መጠን ብቅ አለ። ልጆቹ ጮኹ። ማዳምም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ማሻአላህ! ይኼ ሙሀንዲስ ነው!» አለች። መሐንዲስ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ ደግሞም ልክ ነበረች።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ግን ሌላ ነው የሚለው። ኢቃማዬ ላይ ሥራዬ የግመል እረኛ ነው። ከፊሌ፣ ዋስ የሆነኝ አሠሪ፣ ያወጣልኝ ቪዛ የእረኛ ስለነበረ ነው። በረሃ ውስጥ ግመሎች አሉት ይባላል፤ እኔ አንዱንም አላየሁ።

በፈረንጆች 2013 ወረቀት የሌለውም፣ ወረቀት ኖሮት ከከፊሉ ውጭ የሚሠራም ይስተካከል ወይ ይውጣ ተባለ። የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አሰሳው ሲጀመር፣ ሐምላ ነው የምንለው፣ ፔትሮሚን በአንድ ጠዋት ጭር አለ። እኔም ለራሴ የምሠራ የግመል እረኛ ነኝና ሱቄን ዘጋሁ። ማዳም ሰምታ፣ «ነገሩ እስኪበርድ የበረኛው ክፍል ይግባ» አለች። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ትቼ ያንን አንድ ስክሪን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ገባሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ጣውንቴን እላዬ ላይ አመጣሃት?»

«ሜዳ ላይ ልተዋት?»

«ግቡ እንግዲህ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ከመካ የተደወለልኝ። የደወለው አንድ ወዳጄ፣ የአገሬ ልጅ ነው፤ ከቃሉ ወረዳ፣ ከአንድ ቀበሌ ነን። በዑምራ ቪዛ መጥቶ፣ ጊዜው አልፎበት፣ መንሱር ሰፈር ገበያ ውስጥ ሸክም ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። ሲመጣ አንዲት ሴት ልጁን ጡት ሳትጥል ነበር የተዋት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ልጄ ልትዳር ነው።»

«ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያለህ!»

«ደስታውማ ተሰቅሏል። ሸሁ ኒካሕ አላስርም አሉ።»

ነገሩን አስረዳኝ። ልጅን የሚድረው አባት ነው፤ አባት ሩቅ ከሆነ ሰው ይወክላል። ሸሁ ግን፣ «በስልክ የመጣ ድምፅ ብቻ አልቀበልም። ድምፅ ማንም ያስመስላል። ፊቱን የሚያውቅ ምስክር አይቶት፣ እሱ ነው ብሎ ይመስክርልኝና ውክልናውን ልቀበል» ብለዋል። ምስክር የሚሆነው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ሸሁን ይዞ ኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ ይቀርባል።

«ከዚያ ወዲያ ቀን የለኝም ጋሼ። ባለቤቱ ክፍሉን ከነገ ወዲያ ጠዋት ልቀቁ ብሎናል። እኔም ወጥቼ እጄን ልሰጥ ቆርጫለሁ። ተርሂል እስር ቤት የገባ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚሳፈር አያውቅም፣ ስልክም አይኖረው። ሰርጉ በዚህ ሳምንት ነው። ነገ ካልሆነ ልጄ ተዋርዳ ትቀራለች።»

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ? በምን ትታያላችሁ?»

«ካሜራ ያለው ስልክ የነበረው ልጅ ተይዟል። ላፕቶፕ አለ፤ ስክሪኑ ግን ደቋል። ሐምላ መጣ ሲባል ወደ ጣሪያ ስንሮጥ ረገጥነው። ማንም ሌላ ስክሪን የለው፣ ቴሌቪዥኑም ተሸጧል።»

«ስትከፍተው ይጮሃል?»

«ይጮሃል። ካሜራው አጠገብ ያለችው መብራትም ትበራለች። መልኩ ነው የሌለ።»

«ጎኑን ዳስሰው። ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው፣ የስክሪን ገመድ የሚሰካበት ሰማያዊ አፍ አለው?»

ሲዳስስ ይሰማኛል። «አለው።»

«እንግዲያው ሰርጉ አለ በላቸው!» አልኩት።

አፌ ቀደመኝ እንጂ ከጅዳ መካ መንገዱ ላይ ተፍቲሽ አለ፤ ፖሊስ መኪናውን ሁሉ እያቆመ ኢቃማ ያያል። እኔ ደግሞ እረኛ ነኝ። ባለቤቴ ነገሩን ለማዳም ነገረቻት። አሮጊቷ ሙስባሓ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች አዳመጠች፤ ከዚያ፣ «አባቷ በሕይወት እያለ ያለ አባት ልትዳር?» ብላ ሙስባሓዋን አስቀመጠች። «ዑምራ ካደረግሁ ቆይቻለሁ። ነገ እንሄዳለን። ሙሀንዲሱም ስክሪኑን ይዞ ይምጣ።» ያችን ሴት እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግላታለሁ። ትልቅ ሰው ትልቅነቱ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

በማግስቱ ማዳምና ባለቤቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ከሹፌሩ ጎን፣ ስክሪኑ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ እግሬ መካከል ሆኖ ተጓዝን። ተፍቲሹ ላይ ፖሊሱ ኢቃማዬን ተቀብሎ አነበበ። ብርድ ልብሱን በጣቱ ገለጥ አደረገ። እንደገና ኢቃማውን አነበበ።

«የግመል እረኛ?»

«አዎ።»

«ይኼስ?»

ከኋላ የማዳም መስኮት ወረደ።

«ልጄ» አለችው፣ «በረቱ ላይ ካሜራ ተክለናል። ግመሎቹን የሚጠብቃቸው በዚህ ነው።»

ፖሊሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ጢሙ ሥር ፈገግታ መጣ። «ግመሎቹ በደንብ ይታያሉ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር ትላለች ባለቤቴ። እኔ ግን ሥራዬን ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልችልም። «በ1920 በ1200!» አልኩት። «ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ይቆጠራል።»

እየሳቀ ኢቃማዬን መለሰልኝና፣ «ያላ፣ እለፉ» አለ። ከኋላዬ ባለቤቴ ትንፋሿን ስታወጣ ሰማሁ።

ማዳም ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም፣ ስትወርድ ሹፌሩ እኔንና ባለቤቴን መንሱር ጠርዝ ላይ አወረደን። ያ ሁልጊዜ ሰው የማያስኬድ ገበያ ግማሹ ተዘግቷል። ባለቤቴ ከአፍጋኑ ምድጃ ትኩስ ተሚስ ገዛች፤ እንደ ትሪ የሰፋ ክብ ዳቦ ነው። «ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። እኔ ስክሪኔን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ።

ወዳጄ በሩን ሲከፍት ጢሙን ተስተካክሎ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ነበር፤ ሙሽራው እሱ ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል። ላፕቶፑን ከፈትኩት፤ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ገመዱን በሁለቱም በኩል ሰክቼ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ እኔ የላላ ገመድ አልወድም። ስክሪኑ ነቃ። ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ብቻ ታየ፤ ሌላ ምንም የለም።

«አይ ጋሼ፣ ባዶ ነው» አለ ወዳጄ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ባዶ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሁለት ስክሪን እንዳለው ያስባል። ዕቃውን ሁሉ የተሰበረው ላይ አስቀምጦ ለእኛ ግድግዳውን ብቻ አሳየን።» ስክሪን የሚያቀያይሩትን ሁለት ቁልፎች አብሬ ተጫንኩ፤ ሁሉንም እዚህኛው ላይ አምጣ የሚለውን መረጥኩ። የተደበቀው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ወዳጄ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልኩት፣ ግን ልክ ነበር።

ዐስር ተሰግዶ ትንሽ እንደቆየን ከኮምቦልቻ ጥሪው ገባ። ሸሁ መሐል ተቀምጠዋል፣ ጥምጣማቸው ነጭ ነው። በጎናቸው አንድ ረጅም፣ አጥንታም ሰው አለ፤ ወንድምየው መሆኑ ያስታውቃል። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ከኋላቸው ቆሟል። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሞተው ሁሉ ተጠየቀ። በመጨረሻ ሸሁ፣ «በል» አሉት ወንድምየውን፣ «ይህ ወንድምህ ነው?»

ወንድምየው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ግንባሩ ብቻ እስኪታየን ድረስ ተጠጋ። ከዚያ ተመለሰና ተቀመጠ።

«አይደለም» አለ።

ወዳጄ ብድግ አለ። «ምን? ኧረ እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!»

«ድምፁ የሱ ነው» አለ ወንድምየው ለሸሁ። «ይህ ፊት ግን የሱ አይደለም። የኔ ወንድም ፊቱ እንደ በቅሎ ረጅም ነው። ይኼ ሰውዬ ጉንጩ ትከሻው ላይ ሊወርድ ደርሷል።»

«ሰው ይወፍራል አንተ!»

«ሥጋ ይወፍራል። አጥንት ወደ ጎን ያድጋል? ዓይኖችህ መካከል በሬ ያሳርሳል!»

«የእናታችንን ስም ልንገርህ? የበሬዎቻችንን ስም ልጥራልህ?»

«ጥራ። የጠየቁኝ የሰማሁትን አይደለም፣ ያየሁትን ነው። ዓይኔ አይደለም ካለኝ አላህ ፊት ቆሜ ነው አልልም። ለልጅቷ ብዬ በሐሰት ብመሰክር ትዳሯ ምን ይሆናል?»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስክር ያየውን ነው የሚናገር። እውነቱን ነው።»

ወዳጄ ተጠቅልሎ በቆመው ፍራሽ ላይ ወደቀ። እኔ ግን፣ ዛሬም አልደብቅም፣ ያንን ሰው ወደድኩት። ዕድሜ ልኬን ስክሪን ይዋሻል እያልኩ ስናገር ያመነኝ ጥቂት ነው። ይህ አጥንታም ገበሬ ስክሪን ከነካ አንድ ሰዓት አይሞላው፤ ውሸቱን ግን ያዘው። የሳተው ውሸታሙን ብቻ ነው፤ የሚዋሸው የወዳጄ ፊት ሳይሆን እዚያ ኮምቦልቻ፣ ወንድምየው ፊት ለፊት ያለው መስታወት ነው።

ይህን እንዴት ላስረዳው? ስለ ነጥብ ባወራ አይሰማኝም። በሱቄ ስክሪን ስፈትን ክብ ነገር አሳየዋለሁ፤ ክብ አይዋሽም። ዞር ስል ባለቤቴ ተሚሱን ከወረቀቱ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛለች። እሷ፣ «ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ገና ስትቃትት ነበርክ» ትላለች። ትበል። ተቀብያት ካሜራው ፊት ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።

«ወንድሜ» አልኩ ወደ ኮምቦልቻ፣ «ይህን ታያለህ?»

«ዳቦ ነው።»

«ቅርጹ ምንድን ነው?»

«እንደ እንቁላል ነው። ወደ ጎን የተኛ እንቁላል።»

«በአላህ ስም እነግርሃለሁ፣ ይህ ዳቦ ክብ ነው። እስቲ ላሽከርክረው።» እንደ መሪ አዞርኩት። «እየዞረ እንቁላሉ ይቆማል ወይስ ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው?»

አፍጥጦ አየ። «ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼማ... ዳቦው ሲዞር እንቁላሉ አብሮ አይዞርም።»

«እንግዲያው የተንጋደደው ዳቦው ነው ወይስ የምታይበት መስታወት?»

ሸሁ ጥምጣማቸውን ነካ አድርገው፣ «አላሁ አክበር» አሉ። የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት ጠራሁት።

«ስክሪንህ ሰፊ ነው ወይስ የድሮው ዓይነት?»

«ሰፊ ነው።»

«ሪዞሉሽኑን ክፈት። ስንት ይላል?»

«1024 በ768።»

«ይኼ የድሮው፣ የጠባቡ ስክሪን ቁጥር ነው። ለምን እሱ ላይ አደረግኸው?»

«ፊደሉ ጎላ ስለሚል ነዋ። ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይወዱታል።»

«ሰው ሁሉ ወፍሮ አይታይህም?»

«ይታየኛል፤ ማን ይከፋዋል? ከዓረብ አገር የሚደውሉት ሁሉ ተመችቷቸው ሲታዩ ቤተሰብ ደስ ብሎት ነው የሚወጣ!»

ባለቤቴ ከጀርባዬ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ስንቱ እናት ልጄ ወፈረልኝ ብላ አልሐምዱሊላህ እያለች ከዚያ ቤት ወጥታ ይሆን!

«1366 በ768 አድርገው» አልኩት። «ዛሬ ደስታ አይደለም የሚፈለገው፣ ምስክር ነው።»

እኔ ተሚሱን እንደያዝኩ ነው፤ ክንዴ ዝሏል። እዚያ ስክሪኑ ጨለም አለ መሰለኝ፣ ሸሁ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ከዚያ የወንድምየው ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ክብ ሆነ» አለ። «ወላሂ ክብ ሆነ! በል ዳቦውን አንሳና ሰውየውን አምጣልኝ።»

ወዳጄ ካሜራው ፊት ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተከሳሽ። ወንድምየው ለረጅም ጊዜ አየው። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ከስተሃል አንተ» አለ።

«ሸክም ነው ሥራዬ።»

«ፀጉርህስ?»

«ሄደ።»

«አዎ» አለ ወንድምየው። ወደ ሸሁ ዞረ። «ይህ የእናቴ ልጅ ነው። አይቼዋለሁ፣ እመሰክራለሁ።»

ሸሁ ውክልናውን ሊቀበሉ ሲሉ ወዳጄ እጁን አነሳ። «እሱ አይቶኛል። እኔ ደግሞ ልጄን ሳላይ አልሰጥም። ወዳ ይሁን ተገዳ ከራሷ ልስማ።»

ልጅቷ ከኢንተርኔት ቤቱ ውጭ ተቀምጣ ነበርና አስገቧት። ወዳጄ፣ «ጋሼ፣ በትልቁ አድርግልኝ! ስክሪኑን ትሙላው!» አለኝ። ሞላሁት። ያኔ ልጅቷ ጡብ በጡብ ሆነች፤ ከኮምቦልቻ በቀጭኑ መስመር የሚመጣው ምስል ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው፣ በሰፊው ስክሪን ላይ ስትዘረጋው ይበታተናል። ምስሉን መልሼ ጠበብኩት፤ መዳፍ እስኪያክል ድረስ ጠበብኩት።

«ኧረ አሳነስካት!»

«አላሳነስኳትም። መጠኗን ሰጠኋት። ተጠግተህ እይ።»

በዚያ ሰፊ ጥቁር ሜዳ መካከል፣ መዳፍ በምታክል መስኮት ውስጥ፣ ልጅቷ ጥርት ብላ ታየች። አቀርቅራለች፤ ሻሿ ግንባሯ ላይ ወርዷል። ወዳጄ አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ወደሻል?»

ዝም አለች። ሸሁ፣ «የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው» አሉ።

«አዎ ሸሄ፣ አውቃለሁ። ዝምታዋ ግን አፍራ ይሁን ተቀይማኝ እኔ በምን ልወቅ? ጡት ሳትጥል ነው ትቻት የሄድኩ፤ አመሏን አላውቀውም።» ዙሪያውን አየ። ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተሚሱን ከእጄ ነጠቀና ካሜራው ፊት አነሳው። «ልጄ፣ እንቁላል ትበያለሽ?»

ልጅቷ ቀና አለች። ሳቋ አመለጣት። በሻሿ ለመሸፈን ፈጠነች፤ ግን ቀድሞ ታይቷል። የፊት ጥርሶቿ መካከል ፍንጭት አላት።

ወዳጄ እጁን አፉ ላይ አደረገ። የራሱ ጥርስ ፍንጭት ነው፤ ስንት ዓመት ሳውቀው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያቺ ክፍተት ስክሪኑ ላይ ከሁለት ነጥብ አትበልጥም። ሁለት ጥቁር ነጥብ። መጠኗ ቢዛባ ኖሮ ትጠፋ ነበር።

«ወድጃለሁ አባዬ» አለች ከሻሿ ሥር። «አንተ ከወደድክ እኔስ ወድጃለሁ።»

«እንግዲያው ሸሁን ወክያለሁ» አለ ወዳጄ። «የልጄን ኒካሕ ይሰሩልኝ። አላህ ያዋድዳቸው።» ሸሁ ተቀበሉ። ወንድምየው፣ «አሚን» ካለ በኋላ ምስሉ እየተቆራረጠ ሄደ፤ መስመሩም ወደቀ።

እኔ ግን ቀደም ብዬ አንድ ሥራ ሠርቻለሁ። ልጅቷ ስትስቅ ጣቴ ስክሪኑን በሚቀዳው ቁልፍ ላይ ነበር። ያንን ምስል አወጣሁና የኮምፒውተሩ ግድግዳ ላይ አደረግሁት። ኮምፒውተሩ፣ «ልለጥጠው?» ይላል፤ አይሆንም፣ መሐል ላይ፣ በልኩ አልኩት። ሰማዩና ኮረብታው ሄዶ፣ በጥቁሩ መካከል ሳቋ ብቻ ቀረ። ወዳጄ ፍራሹን ዘርግቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ተሚሱን ቆርሶ ለእኛ ሰጠን፣ ለራሱም ጎረሰ፤ ዓይኑን ግን አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ እጁን ሰጠ። ልጁ የተዳረችው እሱ ተርሂል ውስጥ አውሮፕላን ሲጠብቅ ነው። አገር ሲደርስ ሙሽራዋ ባሏ ቤት ገብታ ነበር፤ ወጥታ የተቀበለችው ግን ተሚስ የሚያክል ዳቦ ጋግራ ነው ብሎ በኋላ በስልክ ነገረኝ።

ወደዚያ ዕለት ልመለስ፤ ሹፌሩ ከታች ጥሩንባ ሲነፋ ማዳም ከሐረም መመለሷን አወቅን። ብርድ ልብሱን አንስቼ ወደ ስክሪኑ ሄድኩ። ገመዱን ልነቅል ብሎኑን በጣቴ ያዝኩ። ወዳጄ አልለመነኝም፤ የልጁን ሳቅ ብቻ ያያል። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁት። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አለበስኩት፣ ተሰናበትኩትና ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ባለቤቴ ባዶ እጄን አየችው። ጥቂት ደረጃ አብራኝ ወረደች።

«ጣውንቴን ፈታሃት?» አለችኝ።

«ፈታኋት።»

ክንዴን ያዘች፤ ያ ቀኑን ሙሉ ተሚስ ያነሳውን፣ የዛለውን ክንዴን። «አይዞህ» አለች፣ «ዛሬ እኔ እወለውልሃለሁ።»